ግዊምስ ደሴት ላይ ስራ ልጀምር ነው፣ ፌሪውን የምታውቁ እርዱኝ

የሊንዉዷ
ሰላም ለሁላችሁም። ኬርጊቨር (አረጋዊና ታማሚ ተንከባካቢ) ነኝ፣ አንድ ቤተሰብ ዋሽንግተን ስቴት ግዊምስ ደሴት ላይ የሚኖሩ እናታቸውን እንድንከባከብላቸው ጠይቀውኛል፣ በሳምንት አራት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ። ክፍያው ደህና ነው ግን ድልድይ ስለሌለው ከአናኮርተስ ከተማ በፌሪ (መኪናም ሰውም በሚያሻግር ጀልባ) ነው የሚገባው አሉኝ። አንዷ ጓደኛዬ ሪዘርቬሽን ካልያዝሽ፣ ማለትም ቀድመሽ ቦታ ካላስያዝሽ አትገቢም አለችኝ ሌላው አያስፈልግም አለ፣ ግራ ገባኝ። መኪናዬን ይዤ ልግባ ወይስ አናኮርተስ አቁሜ በእግሬ ልሻገር? ማታ ቢያመልጠኝስ? ልጆች አሉኝ ማደር አልችልም።

ስካጂት
እህቴ ጓደኞችሽ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ፌሪ ነው። ሪዘርቬሽን ያለው ወደ ሳን ኋን ደሴቶች፣ ማለትም ፍራይደይ ሃርበር ኦርካስ ምናምን የሚሄደው የስቴቱ ትልቅ ፌሪ ነው፣ መነሻውም ከከተማው ወጣ ብሎ በምዕራብ በኩል ነው። የግዊምሱ የስካጂት ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) ነው፣ እዛው ከተማው ውስጥ ስድስተኛ መንገድና አይ አቬኑ ላይ። ጂፒኤስ ላይ አናኮርተስ ፌሪ ብቻ ብለሽ ከጻፍሽ ወደ ትልቁ ይወስድሻል፣ ስለዚህ ግዊምስ ብለሽ ጻፊ። ሪዘርቬሽን የለም፣ ቀድሞ የተሰለፈ ይገባል።

ጀልባዋ ራሷም ግዊምስ ነው ስሟ፣ በ1979 የተሰራች፣ 21 መኪናና 99 ሰው ነው የምትይዘው። በአንዱ ጫፍ ገብተሽ በሌላው ነው የምትወጪው፣ ሪቨርስ የለም። መሻገሩ 5 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ጊዜ የሚበላው ሰልፉ ነው። 22ኛ ከሆንሽ ቀጣዩን መጠበቅ ነው፣ በተለይ በጋ ላይ ዊክኤንድ ሲቃረብ። ትኬት የምትቆርጪው አናኮርተስ በኩል ስትገቢ ነው፣ ስትመለሺ አትከፍዪም፣ ለሚመላለስ ሰው ደግሞ የብዙ ጉዞ ካርድ አለ ረከስ ይላል።

ደሴት የሰራሁ
እኔ በእግርሽ ግቢ ነው የምልሽ። ዋጋውም ያንሳል የመኪና ሰልፉም አይመለከትሽም። ችግሩ ደሴቱ ላይ አውቶቡስ የለም፣ ስለዚህ ቤተሰቡ ወይ መጥቶ ይውሰድሽ ወይ እዛ የሚቆም መኪና ይስጥሽ፣ ይሄንን ሳትጨርሺ እሺ እንዳትዪ። አናኮርተስ በኩል ደግሞ ፓርኪንጉ ጠባብ ነው ቀደም ብለሽ ድረሺ።

ሌላ ማንም ላይነግርሽ የሚችለው ነገር ጀልባዋ በየጊዜው ለጥገና ከውሃ ትወጣለች፣ ያኔ ለሳምንታት ሰው ብቻ የሚያሻግር ትንሽ ጀልባ ነው የሚሰራው፣ መኪና አይገባም አይወጣም። ካውንቲው በኤሌክትሪክ የሚሄድ 28 መኪና የሚይዝ አዲስ ፌሪ አቅዶ ነበር ግን ብሩ ከባድ ሆነበት፣ እሱን ተስፋ አድርገሽ ምንም እንዳትወስኚ።

ስካጂት
ልክ ነው። መኪና ይዘሽ የምትገቢበት ቀን ካለ ደግሞ የባህሩን መሙላትና መጉደል እዪ፣ ውሃው በጣም ሲጎድል መውጫው ቁልቁል ስለሚሆን ዝቅ ያለ መኪና ስር ስሩን ይጫራል።

እናት ነኝ
የኔ እህት የልጆቹን ነገር ስላነሳሽ ነው የምጽፈው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የመጨረሻው ፌሪ ከአርብና ቅዳሜው ቀደም ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ካመለጠሽ እንደሌላ ቦታ ዞሬ ልሂድ የሚባል መንገድ የለም። ስለዚህ የስራ ሰዓትሽን ቤተሰቡ እንዳይወስንልሽ፣ የካውንቲውን ስኬጁል አውጥተሽ መጨረሻው ላይ ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ባለው የምትወጪበትን ሰዓት አንቺ ንገሪያቸው፣ የሚተካሽ ሰው ቢዘገይ እንኳን አንድ ትርፍ ፌሪ ይኖርሻል። ትኬቱን ማን ይከፍላል፣ ሰልፍ ላይ የምትቆሚበት ሰዓት ይታሰባል ወይ፣ እሱንም በጽሁፍ። ሴትዮዋ ከፌሪ ሰዓት ውጪ ቢታመሙ አምቡላንስ እንዴት እንደሚሻገርም በደንብ ጠይቂያቸው፣ ያንን ሳታውቂ ብቻሽን ከታማሚ ጋር ደሴት ላይ አትቀመጪ።

የሊንዉዷ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የአምቡላንሱን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ነገ ልጃቸው ይደውልልኛል፣ እዛ የሚቆም መኪናና ማታ የምወጣበትን ሰዓት አስቀድሜ እጠይቃለሁ፣ የሚሉኝን እነግራችኋለሁ።