ባጃጅ የጫረው ነጭ ኮሮላ፦ ጎንደር ላይ መኪና ቀለም ማስነካት

ከአትላንታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጎንደር ማራኪ ነው የሚኖሩት። ነጭ ኮሮላቸውን ባጃጅ ከኋለኛው በር እስከ ፓራፋንጎው ድረስ ጭሮባቸዋል። የሠፈሩ ቀለም ቀቢ ደግሞ «ከተነካ አይቀር ሙሉውን ልቀባው» ብሏቸዋል። እኔ ለጥምቀት እገባለሁ። ከዚህ ቀለም ገዝቼ ልምጣ ወይስ እዚያው ይገኛል? ሙሉ ቀለም ማስቀባቱስ ያዋጣል? ተመልሳችሁ እዚያ የምትኖሩ ብትመክሩኝ።

ከጎንደር፦

ወንድሜ፣ እንኳን ልትመጣ አሰብክ፤ ቀለሙን ግን እዚያው ተወው። የሚቀጣጠል ቀለም፣ የሚረጨውም ሆነ በጣሳ ያለው፣ በእጅ በምትይዘውም በምታስጭነውም ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ገና አትላንታ ላይ ይወስዱብሃል።

ሙሉ ቀለም የሚለውን ምክር አባትህ እንዳይቀበሉ አደራ። ቀቢው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ መኪናው በሙሉ ሲቀባ አዲሱን ቀለም ከአሮጌው ጋር የማመሳሰል ጣጣ የለበትም፤ ክፍያውም ይበልጣል። ለእናንተ ግን ኪሳራ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ እንደ አባትህ ያለችው መኪና ተፈላጊ ናት፤ ገዢ ደግሞ ቀድሞ የሚጠይቀው ቀለሟ ያልተነካ መሆኑን ነው። የፋብሪካ ቀለሟ የጠፋ መኪና ምንም ሳትሆን ተገልብጣ የተነሣች ትመስላለች። በመስኮቱ ጎማ ዳር የቀረች ትንሽ የቀለም ፍንጣቂ ያየ ደላላ «ይቺማ አደጋ ደርሶባታል» ብሎ እዚያው ቆሞ ዋጋ ይቀንሳል።

መጀመሪያ ጭረቱ ምን ያህል እንደሆነ ይታወቅ። አባትህ በሩን በሳሙና አሳጥበው ያድርቁት። ባጃጅ ሲታከክ ብዙ ጊዜ የራሱን ሰማያዊ ቀለም ትቶ ይሄዳል፤ ከሩቅ ቁስል የሚመስለው ግማሹ የእሱ ቀለም ሊሆን ይችላል። እርሱ በፖሊሽና በንጹሕ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ጥፍርን በጭረቱ ላይ አግድም ማስኬድ ነው። ጥፍር ሳይዘው ካለፈ ፖሊሽ ይበቃዋል፤ ከያዘው ጠልቋል። ግራጫ ከታየ ከቀለሙ ሥር ያለው ፕራይመር ላይ ደርሷል ማለት ነው። ላሜራው ራሱ ካብለጨለጨ ግን እስክትመጣ አይጠበቅም፤ ዝገት ይጀምረዋል፤ ዝገት ደግሞ ከቀለሙ ሥር ወደ ጎን እየሰፋ ነው የሚሄደው። ፓራውልቱ (ባምፐሩ) ላይም ጭረት ካለ እርሱ አያስጨንቃችሁ፤ ፕላስቲክ ነው፣ አይዝግም።

በፖሊሽ ይለቃል ሲባልም እስከ ወሰኑ ነው። የፋብሪካ ቀለም ከታችኛው ሽፋን እስከ ላይኛው ተደማምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን ነውና ምን ያህል ስስ እንደሆነ አስበው። ጭረቱን አጠፋለሁ ብሎ በማሽን የሚታገል ሰው ሳያውቀው ፕራይመር ላይ ይወርዳል። በተለይ የበሩ ጠርዝና መታጠፊያው ላይ ቀለሙ ይበልጥ ስስ ስለሆነ ማሽን እዚያ ባይደርስ ይሻላል።

መቀባት ግድ ከሆነ በሩና ፓራፋንጎው ብቻ ይቀቡ። ብዙውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የቀለሙን ኮድ የያዘ ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል። የቶዮታ ነጭ 040 ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ብልጭልጭ የሌለው ነጭ ስለሆነ ማመሳሰሉ አይከብድም። 070 ከሆነ ግን ዕንቁ ነጭ ነው፤ በሦስት ሽፋን የሚቀባ ስለሆነ እጁ የተፈተነ ሰው ይፈልጋል። ኮዱ የሚነግራችሁ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቀለም ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የዚህ ከፍታ ፀሐይ በዓመታት ውስጥ የነጩን መልክ ይቀይረዋል። ስለዚህ የነዳጅ ማስገቢያውን ክዳን አስነቅላችሁ ለቀለም ቀማሚው ውሰዱለት። የቀመመውን ቁራጭ ላሜራ ላይ ቀብቶ ካደረቀው በኋላ ደጅ አውጥታችሁ በፀሐይ ከመኪናው ጎን አስይዙት። በእርጥቡ የተስማማችሁበት ቀለም ደርቆ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጋራዡ ውስጥ በአምፖል ያያችሁትም እንደዚያው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ጀርመን ሳለሁ ቁልፍ አስረክቤ እሄዳለሁ፤ በቀጠሮው ቀን መኪናዬን እወስዳለሁ፤ በመካከል የሆነውን አላውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገኝም ነበር። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች እዚህም ያንን እንጠብቅና መጨረሻ ላይ በቀቢው እንናደዳለን። ጎንደር ላይ ግን ባለመኪናው ቆሞ ማሠራቱ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ሠራተኛው የሚጠብቀው ነው። አባትህ ወንበር ተደርጎላቸው፣ ሻይ ይዘው ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ይገኙ። አንደኛው የላሜራውን ጉድጓድ የሚሞላው ስቱኮ ሲለቀለቅ ነው። የተጎዳው ላሜራ በደንብ ሳይቃና በስቱኮ ክምር የሚሸፈንበት ጊዜ አለ፤ ያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስቱኮ በደረቁ ይፈተግ፤ ብዙዎች አቧራውን ሽሽት ውሃ እያፈሰሱ ይፈትጉታል፣ ስቱኮ ግን ውሃ ይጠጣል፤ ከወራት በኋላ ቀለሙ እየነፋ ይነሣል። ውሃ የሚያስፈልገው በላዩ የሚቀባው ፕራይመር ነው፤ እርሱ በ600 ወይም በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ይለስልስ።

ሁለተኛው ከመረጨቱ በፊት ነው፤ እጀታው ይፈታ፣ የመስኮቱ ጎማ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን፣ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይውጣ። ያ ውሃ ከቀለሙ ጋር ከተረጨ ቀለሙ ይቆጣና ቦታ ቦታውን ይሸሻል። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ጥር ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ አቧራ ያነሣል፤ ቀቢውም አብዛኛውን ጊዜ የሚረጨው ደጅ ነው። በማለዳ፣ ብርዱ ከላሜራው ሲለቅና ፀሐዩ ገና ሳያግለው ይቀባ። በጋለ ላሜራ ላይ ቲነሩ ቶሎ ይተንና ቀለሙ ሳይተኛ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኖ ይቀራል። መብራት መኖሩንም ጠይቁ፤ ከሃርድነር (ከማድረቂያው ኬሚካል) ጋር የተቀላቀለ ቀለም መብራት እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም።

የምታመጣው ነገር ካለ ለቀቢው የኬሚካል ማጣሪያ ያለው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ከነቅያሪ ማጣሪያው አምጣለት። በሃርድነር የሚደርቀው ቀለምና ክሊር (በቀለሙ ላይ የሚረጨው ቀለም አልባ ሽፋን) አይሶስያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፤ አስም ያመጣል። እዚህ ልጆቹ ሻሽ አፋቸው ላይ አስረው ነው የሚረጩት። 2000 እና 3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀትም ሻንጣህን አያከብደውም። ሌላውን ዕቃ እዚሁ ግዙ፤ የእጅ ዋጋውን ለብቻ ተዋዋሉና ዕቃውን ራሳችሁ ግዙት።

ከአዘዞ፦

እትዬ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ በመጨረሻው ብቻ አልስማማም። ዕቃውን ባለቤቱ ከገዛው ቀለሙ በተላጠ ቀን ቀቢው «ቀለማችሁ ነው» ይላል። ቀቢው ራሱ ይግዛ፤ ባለቤቱ አብሮ ይሂድ፤ ቀለም፣ ክሊር፣ ሃርድነር፣ ቲነር ሁሉም በደረሰኝ ይሁን። ያኔ ማማኻኛ የለም።

ሌላው፣ ባጃጁ ታውቋል ወይ? የሦስተኛ ወገን ዋስትና በሕግ ግዴታ ነው፤ በሌላ ሰው ንብረት ላይ የደረሰውንም ጉዳት ይሸፍናል። ለዚህ ግን የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያስፈልጋል፤ ሰሌዳው ካልተያዘ ከየት ይመጣል? ለእንዲህ ያለ ጭረት ብዙ ሰው እዚያው ተሸማግሎ ይለያያል። ባለባጃጁ ከተገኘ የሚከፍለውን በወረቀት አስፍረው ሁለቱም ይፈርሙ፤ በቃል የተባለው ከተራው ሳይደርስ ይረሳል።

ከአትላንታ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴን ደውዬ ጠየቅኋቸው፤ ጥፍር ይይዘዋል፣ ብረቱ ግን አይታይም። ኮዱ 040 ነው። ባለባጃጁ አልታወቀም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «እንግዲያው ሙሉውን ብርማ እናድርገው» እያለ ነው።

ከጎንደር፦

ለወንድምህ ንገረው፤ ሊብሬው ላይ ቀለሟ ነጭ ተብሎ ተጽፏል። ብርማ ካደረጋት መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ሊብሬውን ማስቀየር አለበት። ከዚያ በኋላ አንድ በር ቢጫር የብርማ ቀለም እንዴት እንደሚያስቸግር ያየዋል፤ ብልጭልጩ በመርጫው ርቀትና ግፊት ልክ መልኩን ይለዋውጣል።

ብረቱ ካልታየ አትቸኩሉ። የጥምቀት ሰሞን ከተማው በሰውና በባጃጅ ይጨናነቃል፣ ቀቢዎቹም ከከተራ ጀምሮ አይገኙም። አሁን ሰማያዊውን በፖሊሽ አስለቅቁት፤ በሩን ከበዓሉ በኋላ፣ አንተ ሳትመለስ ይቀቡት። የተቀባው ለአንድ ሳምንት አይታጠብ፤ ሰምም ለአንድ ወር ያህል አይነካው። የአዘዞው ልጅ ስለ ደረሰኙ ያልከውን ተቀብያለሁ፤ ቀቢው የሚገዛበትን ሱቅ ግን አባትየው ይምረጡ።