ካርድ መስጠቱን ችሏል፣ መምረጡ ላይ ቆመናል

እባካችሁ የፔክስ (ልጅ የሚፈልገውን ነገር የሥዕል ካርድ በማቀበል እንዲጠይቅ የሚያስተምር ዘዴ) ልምድ ያላችሁ እርዱን። ልጁ 4 ዓመት ከ2 ወሩ ነው፤ ኦቲዝም አለው፣ ቃል አያወጣም፣ የጆሮ ምርመራው ደህና ነው። ካርድ አንስቶ በእጅ ማቀበሉን ይዞታል፤ የካርድ ደብተሩ 3 ሜትር ርቆ ቢቀመጥም ተነስቶ ሄዶ ያመጣል።

ችግሩ ካርዱ ሁለት ሲሆን ነው። የሚወደው የሙዝና አይፈልገውም ያልነው የካልሲ ሥዕል፣ 5 በ5 ሳንቲሜትር፣ ላሚኔት የተደረገ፣ ጎን ለጎን እንለጥፋለን። ከ20 ሙከራ ሙዙን ያነሳው 11 ጊዜ ነው፤ ይሄ ደግሞ ግምት እንጂ መለየት አይደለም። ቦታ ስናቀያይር እጁ ባብዛኛው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዓይኑ ሙዙ ላይ እንጂ ካርዱ ላይ የለም። የካልሲ ካርድ ሲሰጠን ካልሲውን እንሰጠዋለን፤ ከዚያ የሙዙን ካርድ እናሳየዋለን፣ እናለማምደዋለን፣ «አጨብጭብ» ብለን ሐሳቡን እናዞርና እንደገና ዕድል እንሰጠዋለን። አሁን ግን መጀመሪያ መሳሳቱን የሥራው አካል አድርጎ የያዘው ይመስላል። (ካልሲውንም ሳይወደው አልቀረም፤ ዓይኑ ሥር ያወዛውዘዋል።)

ካልሲውን በባዶ ነጭ ካርድ እንተካ? ወይስ ሥዕሉን ትተን እውነተኛ ዕቃ፣ ለምሳሌ የጁስ ጠርሙስ ክዳን፣ ካርዱ ላይ እንለጥፍ? ከላይና ከታች መደርደርስ የቀኝ ልማዱን ይሰብራል?

ሌላው የቃሉ ነገር ነው። ካርዱን ስንቀበል «ሙዝ» ብቻ እንላለን፤ እናቱ «ሙዝ ስጪኝ» ትላለች። አባቱንም «ስጪኝ» እንዳይለው ሰግተን «ሙዝ እፈልጋለሁ» ልናደርገው ነው። ይረዝምበት ይሆን?