ኮሮላዬ ዳገት ወጥቶ ከቆመ በኋላ በቀላሉ አይነሳም፤ የነዳጅ ግፊቱ በየት በኩል እየጠፋ ነው?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)
ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. የ1996 ሥሪት፣ ፎር ኤ ኤፍ ኢ ሞተር ያለው ኮሮላ አለኝ። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እስክገባ ድረስ ጉልበቱ አይቀንስም። ፒያሳ አቁሜው ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስመለስ ግን ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ስምንት ዘጠኝ ሰከንድ ካልዞረ አይነሳም፤ ከተነሳም በኋላ ጥቂት ተንቀጥቅጦ ነው የሚስተካከለው። ጠዋትም እንዲሁ ያስቸግራል። አንድ ጋራዥ «ፓምፑ ደክሟል» ስላለኝ ባለፈው ወር አዲስ አስገባሁ፤ ለውጥ አላመጣም። የግፊት መለኪያ ጌጅ ተውሼ ስለካው፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የሬጉሌተሩ (የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው) የቫኪዩም ቱቦ ሲነቀል 2.9 ባር ያሳያል፤ ሞተሩን ባጠፋሁ በ2 ደቂቃ ውስጥ ግን ወደ ዜሮ ይወርዳል። ቀጥሎ የትኛውን ዕቃ ልቀይር?

መልስ
የነዳጅ ፊልትሮውን ቀይረውታል? ከሰርባቶዮ (ከነዳጅ ታንከሩ) የሚመጣ ቆሻሻ ብዙ ጊዜ የሚደፍነው እሱን ነው። የደሴ ከፍታም የራሱ ተጽዕኖ አለው።

መልስ (ከደሴ)
አብሽር፤ ለጊዜው ምንም አይግዙ። የተደፈነ ፊልትሮ ጉልበት የሚያሳጣው ነዳጅ በብዛት ሲፈለግ ነው፤ ቢሆን ኖሮ ሐረጎ ላይ ያስቸግርዎ ነበር። 2.9 ባርም ለዚህ ሞተር ጤነኛ ግፊት ነው። የጎደለዎት ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መስመሩ ውስጥ ታምቆ መቆየት ያለበት ግፊት ሲሆን፣ የአምራቹ መመሪያ ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 1.5 ባር ያህል እንዲቀር ይጠይቃል። ይህ ግፊት ሲጠፋ በጋለው ሞተር ላይ ያለው ቤንዚን ይፈላል፤ ሞተሪኖው ያን ያህል የሚለፋውም እንፋሎቱ ተገፍቶ እስኪወጣ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ቤንዚኑ ከኮምቦልቻ ይልቅ ቶሎ ይተናል፤ ስለዚህ ከፍታው ያባብሰዋል እንጂ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ግፊቱ በውጭ የሚታይ ፍሳሽ ከሌለ የሚያመልጠው በሦስት መንገድ ነው፤ በመጣበት መስመር ወደ ሰርባቶዮ፣ በሬጉሌተሩ በኩል በመመለሻው ቱቦ፣ ወይም በሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ መርጫ) ወደ ሲሊንደር። ኮፈኑን ከፍተው በመመርመሪያው ሳጥን ውስጥ «ኤፍ ፒ» የሚለውን ቀዳዳ ከ«ፕላስ ቢ» ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙና ቁልፉን ሲከፍቱ ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ ብቻ ይሠራል። ግፊቱ ሲሞላ ቁልፉን ይዝጉና ወዲያውኑ ከጌጁ በፊት ያለውን የጎማ ቱቦ በጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ይጭመቁት። ግፊቱ ከቆመ መውጫው በሰርባቶዮው በኩል ነው። ካልቆመ እንደገና ሞልተው የመመለሻውን ቱቦ ይጭመቁ፤ ነገር ግን ፓምፑ እየሠራ መመለሻውን ፈጽሞ እንዳይዘጉ፣ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። በሁለቱም ካልቆመ ካንዴላዎቹን ፈትተው ቤንዚን የሚሸተውን ይፈልጉ። የሬጉሌተሩን የቫኪዩም ቱቦም ያሽትቱት፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ሜምብሬኑ (የሬጉሌተሩ የውስጥ ስስ ሽፋን) ተቀዷል።

ጠያቂው
ከጌጁ በፊት ያለውን ስጨምቀው ከ5 ደቂቃ በኋላም 2.4 ባር ላይ ነው፤ ስለቀው ይወርዳል። አዲሱ ፓምፕ ራሱ ብልሽት አለው ማለት ነው?

መልስ (ከደሴ)
ሊሆን ይችላል፤ ጥራቱ ዝቅ ያለ ፓምፕ ቼክ ቫልቩ (ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ከመጀመሪያውም የማይዘጋ ያጋጥማል። ይሁንና በፓምፑና በብረት ቱቦው መካከል፣ ሰርባቶዮው ውስጥ፣ ጣት የምታህል የጎማ ቱቦ አለች። ፓምፕ የሚቀይር ሰው አሮጌዋን መልሶ ሲያስገባት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስንጥቋ ትንሽ ከሆነ ፓምፑ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሚገፋ በሥራ ላይ ግፊቱ አይጎድልም፤ ሲቆም ግን በዚያው ይወጣል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው፣ የኋላውን ወንበር አንስተው ይዩት። የሚተካው ቱቦ ቤንዚን ውስጥ ተዘፍቆ እንዲቆይ የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራው የነዳጅ ቱቦ በውጭ በኩል ይበሰብሳል።

ጠያቂው
እንዳሉት ነው። ቱቦዋ ከማሰሪያው ሥር በቁመቷ የጥፍር ያህል ተሰንጥቃ ነበር፤ ፓምፑ አዲስ፣ እሷ ግን አሮጌዋ ነበረች። ከቀየርኳት በኋላ ግፊቱ በ5 ደቂቃ 2.3 ባር ላይ ይቆያል። ትናንት ፒያሳ ግማሽ ሰዓት አቁሜው ነበር፤ ቁልፉን እንዳዞርኩ ተነሳ።