አገልጋይ መሪ ማለት የማይቆጣ ማለት ነው?

ጠያቂ (ቡሬ)፦ ሰላም ወገኖች። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበር ውስጥ 7 ሠራተኞች እንድመራ ተመድቤያለሁ። ሥልጠና ላይ "አገልጋይ መሪ ሁኑ"፣ ማለትም ከራሳችሁ በፊት የምትመሩትንና የምታገለግሉትን ሰው አስቀድሙ ተባልን። እኔም ጆንያ አብሬ እሸከማለሁ፣ ያረፈደውንም ዝም እላለሁ። ግን ገበሬው ማዳበሪያ ሊወስድ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ እያደረ መጋዘኑ የሚከፈተው በ4 ሰዓት ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ (ደብረ ማርቆስ)፦ ወንድም ዓለም፣ ጆንያ መሸከምህ ጥሩ ነው፣ ዋናው ግን እሱ አይደለም። የአገልጋይ መሪነትን ሐሳብ በ1970 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያወጣው አሜሪካዊው ሮበርት ግሪንሊፍ መለኪያውን አብሮ አስቀምጧል፦ የምታገለግላቸው ሰዎች እንደ ሰው እያደጉ ነው ወይ? የበለጠ አስተዋይ፣ የበለጠ ራሳቸውን የቻሉ እየሆኑ ነው? ከሁሉም በታች ያለው ሰውስ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? አንተ ጋ ከሁሉም በታች ያለው ብርድ ላይ ያደረው ገበሬ ነው። ዝም ስትል እሱን ትተኸዋል።

መልስ (ዳንግላ)፦ እኔ ነርስ ነኝ። አንዲት ባልደረባችን በየቀኑ ታረፍድ ነበር። አለቃችን ሰው ፊት ሳትናገራት ለብቻዋ ጠርታ ጠየቀቻት፣ ለካ ልጇን የሚይዝላት አጥታ ነው፣ ፈረቃዋ ተቀየረላት። ያለ ምክንያት የሚያረፍደው ደግሞ በግልጽ ተነገረው። ማዳመጥ፣ መራራት፣ ከማዘዝ በፊት ማሳመን፣ አደራን መጠበቅ የሚባሉት የአገልጋይ መሪ እሴቶች ለእኔ ያኔ ነው የገቡኝ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቁልፍ የሚይዘውን ልጅ ለምን እንደሚያረፍድ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። ነገ ቡና ጋብዤ አናግረዋለሁ።