ለጓሮ ተክል የቱ የአየር ንብረት ካርታ ይሻላል? የኔ ጥቆማ

ችግኝ ከመግዛቴ በፊት የቱን ልይ ለምትሉ፣ በነፃ የሚገኙትን አነጻጽሬ የሚመስለኝን ልበላችሁ። ባጭሩ መጀመሪያ የየወሩን ዝናብ እዩ። የብርድ ቁጥሩ ይደርሳል።

በጣም የታወቀው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የብርድ ቀጠና ካርታ ነው። ስለ አንድ አበባ ስታነቡ «ዞን 9» ምናምን የሚል ካያችሁ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ቀጠናዎቹ 13 ናቸው፣ አዲሱ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዓመቱ በጣም በሚበርደው ሌሊት ቴርሞሜትሩ በአማካይ እስከ ስንት እንደሚወርድ። ስለ ዝናብ ትንፍሽ አይልም። ማያሚና ሳንዲያጎን ውሰዱ፤ የሁለቱም አካባቢ ዞን 10 የሚባል ቦታ አለው። ግን ማያሚ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ ያውም አብዛኛውን በሙቀቱ ወራት። ሳንዲያጎ ከ250 ብዙም አትርቅም፣ እሱም የሚዘንበው በቀዝቃዛው ወቅት ነው። ስለዚህ ውርጭ ያለበት አገር ላላችሁ ይህ ካርታ የግድ ነው፤ ውርጭ ለማያውቀው ሰው ግን ብዙም አይጠቅምም።

የብሪታንያው ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲም የራሱ መለኪያ አለው፣ ከኤች1 እስከ ኤች7። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። በአሜሪካው ቁጥሩ ሲጨምር ቦታው እየሞቀ ይሄዳል፣ በእንግሊዞቹ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ተክሉ ብርድ ቻይ ነው ማለት ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ያነበበ ሰው ጉድ ይሆናል።

የኔ ምርጫ የኮፐን የአየር ንብረት ምደባ ነው፤ ለየቦታው የፊደላት ኮድ ይሰጣል። መሠረቱ የተጣለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፣ አሁንም ግን የሚያህለው የለም፤ ምክንያቱም ሙቀትንና ዝናብን አንድ ላይ ያያል። የመጀመሪያዋ ፊደል ቢ ካልሆነች (ቢ ደረቅ አገር ነው) ሁለተኛዋን ፊደል እዩ። ኤስ ከሆነች ድርቁ በሙቀቱ ወራት ነው፣ ደብሊው ከሆነች በቀዝቃዛው፣ ኤፍ ከሆነች ደግሞ ደረቅ የሚባል ወቅት የለም። የዓመት ድምር ብቻውን እንዴት እንደሚሸውድ ለማየት ለንደንና ኢየሩሳሌምን አስተያዩ። ለንደን 600 ገደማ፣ ኢየሩሳሌም 550 ገደማ ሚሊ ሜትር ያገኛሉ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ለንደን በአሥራ ሁለቱም ወራት ይዘንባል፣ ኢየሩሳሌም ላይ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ጠብ የሚል ነገር የለም። ለንደን ውስጥ ያለ እንክብካቤ የሚያድግ ሃይድራንጂያ የሚባል አበባ ኢየሩሳሌም ላይ ባልዲ ተሸክሞ የሚከተለው ሰው ይፈልጋል።

ተራራማ በሆነ ሞቃት አገር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የኛው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚለው ክፍፍል ቀላልና የሚታመን ነው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ ስትወጡ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከፍታችሁን ካወቃችሁ ብዙውን ታውቃላችሁ። ዝናቡን ግን ከፍታ ብቻውን አይነግራችሁም። ያው 2,000 ሜትር ሆኖ፣ በተራራው ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለው ሲረጥብ ከኋላው ያለው ሊደርቅ ይችላል።

የዝናብ አሃዝ ለምትፈልጉ ቺርፕስ የሚባለው ጥሩ ነው። የሳተላይትና የጣቢያ መረጃ አዋህዶ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ያሳያል። ችግሩ አንዱ ነጥብ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ስፋት ይሸፍናል፣ ጓሮ ደግሞ ጓሮ ነው። በግንብ ጥግ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ያለችው መሬት ዝናብ እየዘነበም ደረቅ ሆና ታገኟታላችሁ። ረባዳው ጥግ ላይ ደግሞ ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወርዶ ይተኛል፣ ሌላው ቦታ ደህና ሆኖ እዚያ ያለው ተክል ብቻ በውርጭ ይመታል። ይሄን የሚያሳይ ካርታ የለም። ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጡና ዝናቡ ሲያባራ በማስመሪያ ለኩት። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው፣ ሒሳቡ ይኸው ነው። በሞቃት ደረቅ ቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል በቀላሉ ይተናል፤ ለ10 ካሬ መደብ 50 ሊትር በቀን ማለት ነው። ይህን ያህል ውኃ ከሌላችሁ ሳር ማልበሱን እርሱት።

ወደ ተክሎቹ ስንመጣ፣ ላቬንደርና የጥብስ ቅጠል የኤስ ልጆች ናቸው። ብርድ ብዙም አይገድላቸውም፣ ሙቀትና ጭቃ አንድ ላይ ሲመጣ ግን ሥራቸው ይበሰብሳል። ዝናባችሁ በሙቀቱ ወራት ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ጠጠር የበዛበት አፈር ውስጥ ትከሏቸው፣ ወይ ተዉአቸው። ቡገንቪሊያ በተቃራኒው ረጅም ደረቅ ወቅት ሲያገኝ ነው በአበባ የሚሸፈነው፤ ውኃ ካበዛችሁበት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ውርጭ ግን አይወድም። ፖም ለመትከል ያሰባችሁ ደግሞ «ብርድ አለ» በሚል ብቻ አትግዙ። ብዙዎቹ ዝርያዎች በብርዱ ወቅት በድምሩ ከ800 ሰዓት በላይ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፣ አና የሚባለው ዝርያ ግን በ300 ገደማ ይበቃዋል።

ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ «ይሄ ውኃ ይወዳል?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም ትንሽ ይወዳል ነው የሚባለው። በየትኛው ወር ሲደርቅበት እንደሚችል ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ የተክሉን የትውልድ ቦታ ስልካችሁ ላይ ፈልጉና የዚያን አገር የየወሩን ዝናብ ከናንተው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት።