በር የከፈቱላትንስ አየቻቸው?

መነሻ ጥያቄ፦ እንግሊዛዊቷ ሌዲ ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ ባሏ በኦቶማን (የቱርክ) መንግሥት የእንግሊዝ አምባሳደር ሆኖ ተሹሞ እ.ኤ.አ. በ1717 አብራው ቱርክ ገባች። ያየችውን በደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤዎቹ በሞተች በዓመቱ፣ በ1763 ታተሙ። በዚያ አገር ነጻ ሰዎች ሴቶቹ ብቻ ናቸው ትላለች። ትታመናለች?

የታሪክ ተማሪ፦ አዎ! ከሷ በፊት የጻፉት ወንድ ተጓዦች የሐረምን፣ የሴቶቹን መኖሪያ፣ ደጃፍ ሳይረግጡ ነው ስለ ሐረም ያወሩት። እሷ ገብታለች። ያኔ በኦቶማን ሥር በነበረችው ሶፊያ ከተማ የሴቶች መታጠቢያ ቤት ገብታ ልብስሽን አውልቂ ሲሏት ኮርሴቷን፣ ወገብ አጥብቆ የሚይዘውን የውስጥ ልብስ፣ አሳየቻቸው። ባሏ የቆለፈባት መሰላቸው። ማን ማንን እንዳዘነላት እዩ እንግዲህ! ባለጸጋ ሚስቶች ገንዘባቸውን ራሳቸው ይይዛሉ፣ ሲፋቱም ይዘው ይወጣሉ ብላለች። እንግሊዝ ውስጥ ያኔ ያገባች ሴት ንብረት በአብዛኛው የባሏ ነበር።

ነርሷ፦ እኔ በፈንጣጣው አምናታለሁ። ወንድሟን ገድሎባታል፤ እሷንም በ1715 ይዟት ሽፋሽፍቷን አርግፎታል። ቱርክ ውስጥ አሮጊቶች በመርፌ ሲከትቡ አየችና በ1718 ልጇን አስከተበች። የፈንጣጣ ክትባት አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄነር እንኳ በ1796 ነው የመጣው። ባታምንበት የልጇን ክንድ ትሰጥ ነበር?

ቤሩት የኖርኩ፦ ስለ ክትባቱ አልከራከርም። ግን ስለ ባሪያዎቹ ምን እንዳለች አንብባችኋል? አይበደሉም፣ ባርነታቸው ከየትኛውም አገር የቤት ሠራተኝነት አይከፋም ነው የምትለው። ሳቄ መጣ። እኔ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ ማዳም «እሷኮ እንደ ልጄ ናት» ትል ነበር። ፓስፖርቴ መሳቢያዋ ውስጥ ተቆልፎ። እንግዶቹ ቡናዬን ጠጥተው፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ሌዲ ሜሪም እንግዳ ነበረች። ባለቤቲቱን እንጂ ሠራተኛዋን ማን ይጠይቃል?

የታሪክ ተማሪ፦ እህቴ፣ በዘመኗ ሚዛን እንያት እንጂ። ያኔ እንግሊዝም ባሪያ ትነግድ ነበር።

ቤሩት የኖርኩ፦ ታዲያ ይህ እሷን ነጻ ያወጣታል? ኤዲርኔ በምትባል የቱርክ ከተማ አንዲት እመቤት ቤት ስትገባ በር ላይ የተቀበሏት ሁለት ጥቁር ጃንደረቦች ናቸው። ስለ እመቤቲቱ ውበት ገጽ ሙሉ ጻፈች። የነሱን ስም እንኳ አልጠየቀችም።

ነርሷ፦ ይሄስ እውነት ነው። እኔም ሳነብ አልፌዋለሁ።

የታሪክ ተማሪ፦ ጃንደረባ ሁሉ ግን ምስኪን አልነበረም። በዚያው በ1717 የሱልጣኑ ሐረም አለቃ የሆነው ሐጂ በሺር አጋ ከሐበሻ አገር የተወሰደ ነበር። እስከ 1746 በሥልጣን ቆይቷል። ስንቱ ሹም ይፈራው ነበር!

ቤሩት የኖርኩ፦ ይፈሩት። ሲሰልቡት ጠይቀውታል?