በማረሚያ ቤት የተሰፋ መሶብ ላይ የሠሪዋ ስም ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኅታችሁ ነኝ። ታራሚ ዘመዴን ልጠይቅ ሄጄ፣ አብራት የታሰረች ሴት የሰፋችውን መሶብ ገዛሁ። የአለላው ቀለም አሰካክ እጅግ ስለማረከኝ፣ ከሌሎች ታራሚዎች ሥራ ጋር አሰባስቤ ለሕዝብ ላሳየው አስቤያለሁ። ነገር ግን ስሟን ብጽፍ የእስሯ ወሬ ዕድሜ ልኳን እንዳይከተላት፣ ብተወው ደግሞ ድካሟን እንዳልነጥቃት እሰጋለሁ።

መልስ፣ ከሐይቅ፦
እኅቴ፣ ስፌት የተማርሁት ከእናቴ ነው። ስንደዶውን መርጦ፣ አክርማውን በውኃ አርሶ፣ በወስፌ እየወጉ ዙር በዙር መሥራት ብዙ ቀን የሚፈጅ ልፋት ነው፤ ስለዚህ «የታራሚ ሥራ» ብሎ ብቻ ማለፍ ሰፊዋን ማሳነስ ይመስለኛል። ሆኖም መወሰን ያለባት እሷው ናት። ጠይቂያት፤ ከተፈታች በኋላም ሐሳቧን ብትለውጥ ስሟን ለማንሣት ቃል ግቢላት።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
የገንዘቡም ነገር አይዘንጋ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ ታራሚ ለሥራው ተገቢ ክፍያ እንዲያገኝ፣ ከፊሉን ለቤተሰቡ እንዲልክ፣ ከፊሉም ተቆጥቦ ሲፈታ እንዲሰጠው ይላሉ። ከሽያጩ ለእሷ የሚደርሳትን አስቀድመሽ ከማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ጋር በጽሑፍ ተዋዋይ። አላህ ያግዝሽ።

ጠያቂ፦
አሜን፣ አመሰግናለሁ። በመጪው የጥየቃ ቀን ሄጄ እጠይቃታለሁ።